ጄኔሬተሩ ሲጠፋ

ያን ሌሊት ነዳጁን የቀነስኩት እኔ ነኝ፤
ሁለት ሊትር ብቻ ጀልባዬ ለመነኝ።
ማንም አልጠረጠረኝ፣ እኔም አልተናገርኩ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ በሆዴ ቀበርኩ።

ታቬዩኒ ደሴት፣ ከምሥራቁ ጫፏ፣
ሠላሳ ቤት መንደር፣ ባሕር ነው ደጃፏ።
አንድ ቴሌቪዥን፣ ባዳራሿ ያለ፣
ባንድ ጄኔሬተር ነፍስ የተቀጠለ።
ፍጻሜው ባሕር ማዶ ቀትር ላይ ሲጀመር፣
እኛ ጋ ዶሮ እንኳ እንቅልፍ ላይ ነበር።

ራግቢ ነው፤ ሰባት ለሰባት የሚያሯሩጥ፣
እንቁላል መሳይ ኳስ በብብት የሚሸጎጥ።
ከሰባቱ አንዱ፣ ቪሊሞኒ ማለት፣
ኮኮናቴን ሰርቆኝ ያሯሯጥኩት ሌሊት፤
ሩጫ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እላለሁ፣
ሲቀልዱብኝም አብሬ እስቃለሁ።
እናቱ ሜሬሴይኒ ማየቱን ፈርታ፣
ላዳራሹ መስኮት ጀርባዋን ሰጥታ፣
ባሕር ዳር ቁጭ ብላ ካሳቫ ትልጣለች፤
ጩኸት በሰማች ቁጥር ጣቷን ትቆርጣለች።

እኩል ለእኩል ነን፤ አንድ ደቂቃ ቀርታለች፤
ኳሷ ከቪሊሞኒ ብብት ገብታለች፤
አንዱን ሸወደና መስመሩን ሲገፋ፣
ሞተሩ አሳለ፤
ሁለቴ አሳለና
ጠፋ።

መስታወቱ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ቀረች፣
እሷም እንደ ጠጠር ቀስ ብላ ሰጠመች።
መቶ ሰው ዝም አለ። ባሕሩ ብቻ አወራ።
ከዚያ ሽማግሌው ሴኮቬ አጓራ፦
«ነዳጁን ማን ቀዳው? ሙሉ ነበር ማታ!»
«ማን ነው?» ስንባባል የኔ ድምፅ በረታ።

«ረባሽ ነህ» ተብሎ ካዳራሽ የወጣ፣
የታኒኤላ ድምፅ ከማንጎ ዛፍ መጣ፤
አሮጌ ራዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣
«አስቆጠረ!» አለ፣ ቅርንጫፉን አቅፎ።
«ማን?» አልነው ከታች። «ቪሊ—» ብሎ ሳይጨርሰው፣
ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ከነዜናው ጣለው።

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ?
ጨለማ ውስጥ ደስታ ደርሶ ያውቃል ወይ ቤታችሁ?
ማንን እንዳቀፍክ አታውቅም፤ እጅህ ያገኘውን ነው።
ሴኮቬ ያቀፈው ዘጠኝ ዓመት ያኮረፈውን፣
በድንበር የከሰሰውን፣ ኢላይቲያን ነው።
በሳሉ ቢያውቀውም አለቀቀውም፤ «ለዛሬ ብቻ» አለው።
ግንድ ከበሮውን ቄሱ ራሳቸው መቱት፤
አሳማዎች ደንብረው አጥራቸውን ጣሱት፤
ድስቱም፣ ቆርቆሮውም፣ የጀልባው መቅዘፊያም፣
ያገኘ ሁሉ መታ፤ አልቀረም መጥረጊያም።

ሜሬሴይኒ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሳች።
ሄድኩና ነገርኳት። እጄን ጨበጥ አደረገች፣
ወደ አፍንጫዋ ወስዳ አሸተተችው።
ቤንዚን።
በፋኖሱ ብርሃን ቀና ብላ አየችኝ፤
«በል፣ አሁን ከልጄ ጋር እኩል ናችሁ» አለችኝ።

ያቺን ሩጫ እንግዲህ ያየ ሰው የለም።
ግን ሁሉንም ጠይቁ፤ «አላየሁም» የሚል የለም።
አንዱ «ሦስት ሰው ጣለ»፣ አንዷ «አምስት» ትላለች፤
ሴኮቬን የጠየቅን እንደሆን፣ ልጁ ሊያስቆጥር ሲል
ዞር ብሎ ወደኛ አይቷል፤ በዓይኑ በብረቱ።
በዓመቱ ከከተማ ፊልሙ መጣና አየነው።
ስድስት እርምጃ ናት። አንድ ሰው ነው የሸወደው።
«ይሄ አይደለም» አሉ፣ ሁሉም ባንድ አፍ፤
እኔም «አይደለም» አልኩ፤ ደግሞም አልነበረም።

ሁለቱ ሊትር? ዓሣ አልያዝኩበትም።
ሲነጋ ሜሬሴይኒን በጀልባዬ ጫንኳት፣
ስልክ ካለበት፣ ሶሞሶሞ ድረስ አደረስኳት።
«በልተሃል?» አለችው ልጇን፤ ሌላ አልጠየቀችም።
ስንመለስ ነዳጁ ከመንገድ አለቀ፤
መቅዘፊያውን ለሊት ድስት ሲመታበት ሰው ሰንጥቆታል፤
በተሰነጠቀው፣ ተራ በተራ፣ ቀዘፍን።