ጥም የሚያውቅ ሐረግ

ቀን ቀን ሥራዬ መንቀል ነው፣
ጣና ውስጥ እስከ ወገቤ፣ እምቦጭን ከሥሩ መፈንቀል ነው።
አበባው ወይን ጠጅ፣ ለሚያየው የሚያምር፣
ሥሩ ጢማም ሽማግሌ፣ ጠጥቶ የማይሰክር፤
ዛሬ ጭነን ዳር የከመርነው
ነገ ከነልጆቹ እዚያው ነው።

ማታ ሽምብጥ ስገባ፣ ከጠባቧ ኪራይ ቤቴ፣
ቦት ጫማዬን ደጅ ጥዬ፣ ጭቃው ሳይለቅ ከባቴ፣
በዚያው በሚነቅለው እጄ፣ ጣቱ በሻከረው፣
አንዲት ሐረግ እለምናለሁ፦ «እባክሽ፣ ዛሬን እደሪው።»

ቅጠሏ ቅጠል አይመስልም፤ አተር ነው፣ የተሰካ በክር፣
ከጣሳ አፍ ሞልቶ ፈስሶ ወደ ታች የሚንቆረቆር።
አከራዬ እትዬ ዘርትሁን መጀመሪያ ያየቻት ለት
«መቁጠሪያህን ማን ሰቀለው?» ብላ ልትሳለም ጠጋ አለቻት።

ስሟን እኔም አላውቀው፤ ማንጠግቦሽ ናት የሰጠችኝ፣
የቀን ሂሳባችንን የምትጽፍ፤ ደብረ ታቦር ስትዛወር ጠርታኝ፣
ከራሷ ማሰሮ ቆርጣ፣ አንድ ስንዝር፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣
«ብዙ አትውደዳት» አለችኝ፣ አውቶቡሱ ላይ እግሯን ሰቅላ።

እኔ ግን የውኃ ሰው ነኝ፤ ደግነት ሌላ አላውቅም፣
በጣሳ ጠዋት፣ በጣሳ ማታ፤ «ጠጪ» ማለት አልታክትም።
በሳምንቱ አተሮቿ ሟሙ፤ እንደ ወይን ፈነዱ፣
ግንዷ ጠቆረ፣ ሸተተ፤ ክሮቿ አንድ በአንድ ወረዱ።
እምቦጭን ሦስት ክረምት ሙሉ መግደል ያቃተኝ ሰውዬ
ይህችን በሳምንት ገደልኳት፣ «አይጥማሽ፣ አይጥማሽ» ብዬ።

አንዲት ክር ተረፈች፣ አራት ዶቃ ያለባት፤
ሦስት ቀን መስኮት ላይ ተውኳት፣ ቁስሏ እስኪደርቅላት።
የድልህ ጣሳ ቂጡን በምስማር ሦስቴ በስቼ፣
የገል ስባሪ አንጥፌ፣ አሸዋ ለግሼ፣ አፈር ሰስቼ፣
ክሯን አልቀበርኳትም፤ እላዩ ላይ አጋደምኳት፣
እንደ አራስ ልጅ በጀርባዋ፤ ሥር ማውጣቱን ለእሷ ተውኩላት።
ወር ሙሉ ምንም።
በዐርባኛው ቀን ሳብ ባደርጋት፣ አልመጣም አለች፤ ይዛለች።
ስንቱን ሥር የነቀለች ክንዴ ያን ለት ተሸንፋ ለቀቀች።

በአሮጌ የአሣ መረብ ክር ከመስኮቱ ብረት ተንጠልጥላለች፤
መስኮቴ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የማለዳዋን ፀሐይ ትሞቃለች፣
ቀትር ሲሆን መጋረጃ፤ በጨለማ ግን ትሳሳለች።
ውኃው? እሱን እሷ ትዘዝ። ዶቃዋን ቆንጠጥ ማድረግ፣
እንደ ጠጠር ከከረረ፣ ጣሳን ይዞ ማፈግፈግ፣
እንደ ባልቴት ጉንጭ ሲጨማደድ፣ ያኔ አንድ ጊዜ፣ እስኪያንጠባጥብ፣
ከዚያ እንደገና መርሳት። (መርሳት ከባድ ነው፣ ሰው ሲያስብ።)
ሐምሌ ሲገባማ፣ ጣሪያው ሲጮህ፣ ግድግዳው ሲያወጣ ሻጋታ፣
ከተማው በሙሉ ሲርስ፣ አላቀምሳትም ጠብታ።

እትዬ ዘርትሁን ትታዘባለች፦ «ከጣና ዳር ተቀምጠህ
ፍጡር በጥም ትቀጣለህ? አንተስ ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ!»

መልስ የለኝም። ስልኬ ላይ ግን ስሟ አለ፤ ስንት ማታ
ጣቴ ደርሶ ተመልሷል፣ «ነገ» እያለ በይሉኝታ።
የመጀመሪያውን ወር በቀን ሦስቴ ደውዬ፣ ድምጿ ሲሟሟ ሰምቼ፣
አሁን በበዓል ብቻ ነው፣ እንደ ዶቃዋ ቆንጥጬ አይቼ።

በኅዳር አበባ አወጣች፣ ነጭ፣ ከጥፍሬ የምታንስ፣
ቀረፋ ቀረፋ የምትሸት፤
ሻይ የተጣደ መስሎኝ ተነሣሁ፣ ማጥፊያውን ስዳስስ።
ለገና ስደውልላት፣ «የኔዋን ውርጭ በላት» አለችኝ፤
ጠብታ ያህል ዝም አልን። ዝምታው ከበፊቱ ቀለለኝ።

በማግስቱ፣ መሬት ልትነካ ሁለት ጣት ከቀራት ከሐረጌ
አንድ ስንዝር ቆረጥኩላት፣ በጋዜጣ ጥቅል አድርጌ፤
ከላዩ በእስክሪብቶ «ብዙ አትውደጃት» ብዬ ጻፍኩ።
ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል፣ ረዳቱ እጁን ሲዘረጋ፣
መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ፣ ሁለት ፊደል ሰረዝኩ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ። ቦት ጫማዬ ገና አልደረቀም፤
እምቦጩ ይጠብቀኛል፤
እሱ እንኳ ጥም አያውቅም።