ቁልፍ ይጠይቃል

እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ለአበሉ፤
ሦስት ቀን ሥልጠና፣ ከነሻይ ምሳው ሙሉ።
ሰንጋ ተራ ካለው አራተኛ ፎቅ ላይ
ወንበር መረጥኩና፣ ባቡሩን ከሚያሳይ
መስኮት ሥር ተቀመጥኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን እብድ ያየሁ፣
ማን ምን ሊያስተምረኝ? ብዬ አዛጋሁ።

ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «ማገገም»።
ዶክተር ኅሩይ ጠየቀ፤ «መዳን ነው?» «አይደለም።»
«ታዲያ መሻል ነዋ?» «እሱም አይደል» አለ፤
አሠልጣኙ ስቆ ማርከሩን ኪሱ ጣለ።

«ለማንኛውም» አለን፣ «አንድ ነገር ላስቸግር፤
የጫማችሁን ክር፣ ቀበቶ፣ መነጽር፣
ስልክና ቁልፍ ሁሉ፣ በዚህ ካርቶን ውስጥ።
‹መቼ ትመልሳለህ?› አይባልም፤ ቁርጥ!»

ሳቅን። እስከ አራት ሰዓት ሳቅን።
ከዚያ ሲስተር ዙርያሽ ተነሣች፤ ክር በሌለው ጫማ
ወለሉን ስትጠርግ «ሸርተት፣ ሸርተት» ተሰማ።
ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእኛው ኮሪደር ነው፣
ሌሊት ተረኛ ስሆን ከበር ማዶ የምሰማው።
ከታች ባቡሩ አለፈ። መስታወቱ ነዘረ።
ሰው ሁሉ ጫማውን እያየ ቀረ።

«ረዲ እባላለሁ። ቁልፍ እሸጣለሁ፤
ዚፕና ክርም አለኝ፤ መርካቶ ነው ያለሁ።
ሁለት ጊዜ ታመምኩ፣ ሁለት ጊዜ ተኛሁ፤
መድኃኒቴን ዛሬም ማታ ማታ እውጣለሁ።
ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ እንግዳ ነው፤
አናግሬ፣ አናግሬ፣ እሸኘዋለሁ።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት በራ፤
የራሱ ካርድ ነው፣ የሌሊቱ ተራ፦

ቀን አሥራ ሦስት። አልተኛም። ቁልፍ ይጠይቃል።
ቀን አሥራ አራት። ቁልፍ ይጠይቃል። የማምለጥ ሐሳብ አለው። ይጮሃል።
መርፌ ተሰጥቶታል። ታስሯል።

የ‹ቃ› እግሯ ረዝሞ፣ ‹ል›ም ወደ ጎን ጋደል፤
እንዲህ የሚጽፍ ሰው እዚያ ቤት አንድ ነው። ምን ልበል?

«ያለበሳችሁኝ ሸሚዝ ደረቱ ክፍት ነበር፤
እሁድ እናቴ ልትመጣ፣ አያችሁ፣ ሰው ነኝ፣ ማፈር…
አንዲት ቁልፍ አልኩ፤ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፤
ሱቄ ሺህ አለችኝ፣ እዚያ ሆነች ዕዳ።
የበሩንማ ማን ጠየቀ?»

መብራት ጠፋ።
መብራት ኃይልን በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ አመሰገንኩ።

ካርቶኑ ሲከፈት የዎርዱን ቁልፍ አነሣሁ፤
ስድስት ናቸው፤ እንዳይንኳኩ መዳፌ ውስጥ ቀበርኳቸው።
ተንኳኩ። ረዲ ለዙርያሽ ክሯን እየሰጠ ነበረ፤
ቀና አለ፤ ፊቴን አይደለም፣ ወደ እጄ ጆሮውን ቀሰረ።
«እርስዎ…» አለ።
ቆየ።
«ሻዩ በረደ» አለ።

አልነገርኩትም። አበሌን ፈርሜ ተቀብዬ ወጣሁ፤
ሜክሲኮ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣
የሰው ሸሚዝ ቁልፍ ስቆጥር አመሸሁ።

ሰኞ። አልጋ ዘጠኝ። ጽጌማርያም።
ከግርጌ መቆሜን ትቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤
«ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ፣ እያፈርኩ ጠየቅኩ።
«ማን ላከሽ?» አለችኝና ፊቷን አዞረች።
ማክሰኞም እንዲሁ።
ረቡዕ አንሶላዋን ተከናንባ ዋለች።
ሐሙስ ልወጣ ስል፣ ከአንሶላው ሥር፣ ቀስ ብላ፦
«ሎሚ።»

ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ካርዷን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩ።
«ሎሚ ትጠይቃ…»
የ‹ቃ› እግር ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

የምን ሎሚ?
ለሻይ ነው? ለጸጉሯ? ለማሽተት ብቻ?
ወይስ ደረቱ ላይ ልትወረውርበት የምትፈልገው ሰው አለ?

ተነሣሁ። ኮሪደሩን በሩጫ ጨረስኩት።
የዎርዱ በር ዝግ ነው። ወገቤን ዳበስኩ፤
ስድስቱም ጠረጴዛው ላይ ቀርተዋል።
ከውስጥ «ሸርተት፣ ሸርተት» ይላል፤ ይቀርባል።

አንኳኳሁ።