የበሩ ጀርባ

በሩን እንዳወርድ ነው እኔን የጠሩኝ፤
«አናጢ ነህ» ብለው ገመድ አቀበሉኝ።
ሙሐረቅ፣ ከባሕሩ አንድ ቅያስ ገባ ብሎ፣
ጨው ግድግዳውን በልቶት፣ ጣሪያው ተንጠልጥሎ፣
ባዶ የቆመ ቤት።
ቀለሙን ፋቅሁት፤ አረንጓዴው ወርዶ ሰማያዊ መጣ፣
ከሰማያዊው ሥር የህንድ ቲክ ወጣ፣
ቅባቱ ያልደረቀ፣
ዘመን በፀሐይ ቆሞ ያልሰነጠቀ።

ገልብጬ ሳስተኛው፣ ከማጠፊያው በላይ፣
ከግንብ በሚጋጠም፣ ሰው በማያየው ጎን ላይ፣
እጅ አየሁ።
ስንዝር የማትሞላ፣ የተቀረጸች እጅ፤
አበባ አይደለችም፣ የተምር ዝንጣፊ፣ እንደ ሌላው ደጅ።
መዳፏን አቋርጦ ገመድ የበላት፣
ከቀለበት ጣቷ አንጓ የጎደላት።

ጎረቤቱ ሽማግሌ፣ ሐጂ ጉሉም፣ ሳቀ፤
«ፈረጅ ነዋ!» አለኝ፣ «የመርዙቅ ልጅ፤ ማንስ ጠይቆ አወቀ!»

መርዙቅ ጠላቂ አይደለም፤ የጠላቂ ጎታች ነው፣
ሉል ለቃሚውን ከባሕር ወለል በገመድ የሚያወጣው።
ሉሉ ለነጋዴ። ለሱ የቀረው
መዳፉ ላይ ያለው መስመር ነው።
ስለ መርዙቅ እናት ጠየቅሁት። «ከናንተ ወገን ናት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«በመርከብ መጣች፤» ቀና አለ፣ ሻይ አፍሳሹን ፈልጎ።

ልጁ በከሰል ነው የጀመረው አሉ፤
ጀልባ፣ ዓሣ፣ የግመል ሻኛ፣ በየግንቡ ሁሉ።
አንድ የሉል ነጋዴ፣ ዓመቱ የሰመረለት፣ ቸርነት ያማረው፣
ቦምቤይ ሰደደው፤ ከሥዕል ትምህርት ቤት አስገብቶ አስተማረው።
እዚያ የጀሶ እጅ ከፊታቸው ቆመ፣
ነጭ፣ ለስላሳ፣ አንድ ቀን ያልደከመ።
ሌሎቹ እንዳዩት ሣሉት፤ ፈረጅን ግን እርሳሱ እንቢ አለው፣
በጀሶው መዳፍ ላይ የአባቱን ገመድ አሰመረው።
መምህሩ ጎንበስ ብሎ «ከፊትህ ያለውን!» አለው፤
አርባ ከመቶ ሰጠው።

ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ፣
ሉል እንደ ሽንብራ በሩቅ አገር ኩሬ መዘራት ጀመረ፤
የነጋዴው ሚዛን አየር መዝኖ፣ ሱቁ ተቀረቀረ።
ፈረጅ በጀልባ ተመለሰ፣ ከእንጨት ጭነት መሀል፤
እንግዲህ ሠዓሊን ማን ቀጥሮ ያበላል?

በር ሠራ። የሙሽራ ሣጥን በናስ ምስማር አስጌጠ፣
ነፋስ የሚያጣራ የጀሶ ወንፊት ለመስኮት ቆረጠ።
ከደጁ ግንባር ላይ ያሠራው ስም አለ፤
የሱ የትም የለ።
ሲሞት መሮዎቹ ተሸጠው ነው ከፈን የተገዛ።

«ስንት በር ሠርቷል?» አልሁ።
ሐጂ ጉሉም ጣቱን መቁጠር ጀምሮ ተወው፤
«ግማሹን ምስጥ በላው፣
የቀረውን በክረምት ብርድ እኛው ራሳችን አነደድነው።»

በማግሥቱ መሐንዲሱ ሜትሩን ዘርግቶ፣
«አይገጥምም፤ ይሄን ጎን ሦስት ሚሊ ላጠው» አለኝ፤ ሄደ፣ ስልኩን አንስቶ።
መላጊያዬን አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥሁ።
መዶሻና ብረት ይዤ ግንቡን ፋቅሁ፣
እስከ ማታ፣ አቧራው አፌን እስኪሞላው።

በሩ ገባ።
እጇ ወደ ግንቡ ዞራ፣ እንደ ድሮዋ፤
ስዘጋው አልጮኸም።