ዲቃላ

ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ።
«ሄደ» እንላለን፣ እንዳኮረፈ ባል፣
የት እንደሚያድር ሳይናገር፣ መቼ እንደሚመለስ ሳይባል።
ፈንታነሽ መቶ ሃያ እንቁላል መፈልፈያው ውስጥ ነበራት፤
አሥራ ስምንት ቀን የሞላቸው፣
ቅርፊት ሊሰብሩ ሦስት ቀን የቀራቸው።
ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፣
ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልተን ከበብነው፣
ቴርሞሜትሩን በስልክ መብራት ስናይ አደርን፤
ሠላሳ ሰባት… ሠላሳ አራት… ሃያ ዘጠኝ…
ሐሙስ መብራት መጣ።
ከመቶ ሃያው ዘጠኙ ጮኹ።
የቀሩትን ጓሮ ቀበርናቸው፣ ከጎመኑ ሥር።
ፈንታነሽ አላለቀሰችም፤ አካፋውን አጥባ አስቀመጠችና
«ፒያሳ ውረድ» አለችኝ፣ «የዕቁቡን ብር ያዝ።»

የቢያድግልኝ ሱቅ ከጫማ ሰፊው በላይ ነው፤
ደረጃው ይነቃነቃል።
«ምን ምን ታበራለህ?» አለኝ፣ እንደ ነፍስ አባት፤
ተናዘዝኩለት።
ስድስት አምፖል፣ አንዱ የሽንት ቤት፤
ቴሌቪዥን፤ ሲነሳ የሚያቃስት ፍሪጅ፤
መፈልፈያው።
«የውሃ ፓምፕስ?»
የለኝም። ውሃውም እንደ መብራቱ ነው፣ ሲመጣ እንቀዳለን።
በደረሰኝ ጀርባ ደመረ።
«ፍሪጁን ቀላል አትበለው» አለ፣
«ለመነሳት ሦስት ሰው የሚደግፈው፣
ከተነሳ ወዲያ ብቻውን የሚሄድ ሽማግሌ ነው።»

ርካሹን አወረደልኝ፤ ሳነሳው ባዶ ጣሳ መሰለኝ።
«የዚህ ሞገዱ ደረጃ ደረጃ ነው፤
አምፖል ያበራል፣ ሞተር ግን ያንገጫግጫል።»
ትልቁን አሳየኝ፣ ባለ አምስት ኪሎ ዋቱን፤
«ይሄ ለሆቴል ነው፤
ሥራ ፈትቶ ተቀምጦም ሌሊቱን ሙሉ ሃምሳ ዋት ይበላል።»
እንዲህ ያለ ዘመድ አለኝ፤
ስሙ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት።
በመጨረሻ የመካከለኛውን፣ የባለ ሦስቱን አቧራ በክርኑ ጠረገ።
«ይሄ ሃይብሪድ ነው።»
«በኛ ምን ማለት ነው?»
ጣሪያውን አየ። አሰበ።
«ዲቃላ» አለኝ።

አዘዞ ላይ፣ ልጅ ሆኜ፣ ይሄ ቃል ስሜ ነበር፤
ጎል ሳገባ በሹክሹክታ፣ ስስት በሰፈር በመንደር።
የአባቴ ቤት ከአስፋልቱ ላይ፣ የእናቴ ከአስፋልቱ ታች፤
ከታች ዱቄት ሲያልቅብን፣ ወደ ላይ ነበር ሩጫ፤
ከላይ በር ሲዘጋብኝ፣ ታች ነበረ ማምለጫ።
በሁለት ደጅ ያደገ ልጅ የማንም አይደለም ሲሉ
ልክ ናቸው ብዬ ነበር፣ ስንትና ስንት ዓመት ሙሉ።
አሁን ሳሰላው ግን፣ በዚያ ደረሰኝ ጀርባ፣
ጦሜን ያደርኩበት ሌሊት አንድም ከድምሩ አልገባ።

ቢያድግልኝ ፊቴን አላየም፤ ይናገራል፦
«ቀን ከፀሐይ ይበላል፤ የተረፈውን ለባትሪው ያጎርሳል፤
ሐምሌ ጉም ሲወርድ፣ ፓኔሉ ሲታወር፣
ከመንግሥት መስመር ይቀዳል፤
መስመሩም ሲሄድ በሰከንድ መቶኛ ይዞራል፤
ጫጩቷ አታውቅም።»
«ባትሪውስ?»
«የመኪናው ይረክሳል፤ ግን ግማሹን ነው የሚሰጥህ፣
ከዚያ በላይ ከጠየቅኸው ይሞትብሃል።
ሊትየሙ ይወደዳል፤ እስከ ጥግ ይሰጣል።»
እናቴን አሰብኩ።
ሊትየሙን አልኩት። ብሩ ጎደለ።
ሁለት ፓኔል ዛሬ፣ ሁለቱ ለመስቀል፣ ተባባልን፤
ደረጃውን ሣጥኑን ታቅፌ ወረድኩ፣ እንደ ክርስትና ልጅ።

ቅዳሜ ማታ ጎረቤታችን እንየው በአጥር ጮኸ፣
«እናንተ ቤት መብራት አለ እንዴ?»
ወጥቼ አየሁ፤ ማራኪ በሙሉ ጨልሟል።
መቼ እንደሄደ አልሰማንም።
ፈንታነሽ እንቁላል ትገለብጣለች፣ አዲስ መቶ ሃያ፤
«ስሙን ማን አልከኝ?» አለች ቀና ሳትል።
ነገርኳት።
ከገዛ አፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።
ግድግዳው ላይ ያንጎራጉራል፣
ከላይም ከታችም እየበላ፣
ጦሙን የማያድር
ዲቃላ።