በጠጥ ቆጠራ

ከአዳር ሥራ መልስ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣
ተንበርክኬ እቆጥራለሁ፣ ድርቆሹን ስፈለቅቅ።
ትናንት በጠጡ ስልሳ፣ ዛሬ ሃያ ሦስት፣
ያውም ቁንዶ በርበሬ፣ የደረቀች፣ ጥቂት።
ሰው ቢያየኝ ምን ይላል፣ በአምሳ ሁለት ዓመቴ፣
አፉላ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ ከቤቴ፣
የጥንቸል በጠጥ የምቆጥር እንደ ግምጃ ቤት ሹም?
ይበል። እኔ አልሰማውም።

ስሙን ኖጋ ናት ያወጣችው፣ ልጄ፣ በሰባት ዓመቷ፤
«ገዘር»፣ ካሮት ማለት ነው በዕብራይስጥ፣ በትምህርት ቤቷ።
አማቴ አባ ቢያድግልኝ ሰምተው ሳቅ ገደላቸው፦
«ገዘረ? ማንን? በስምንተኛው ቀን?» እንባ እየቀደማቸው።
ስቀው ግን አልነኩትም። ኦሪት ታውቀዋለች፤
ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም፤ እርኩስ ነው ብላለች።
ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በበረንዳው ሲያልፉ
ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ፣ እንዳይነካው ጫፉ።

ክረምቱ እንደወጣ ነው የጀመረው፤ ወይ እኔ ያየሁት ያኔ ነው፣
ቀኝ ዓይኑን ወተት የመሰለ ነገር ጋረደው።
አንገቱ ዘመም አለ፣ ከጎረቤት ግድግዳ
ሐሜት እንደሚያዳምጥ ሰው፤ የኋላ እግሩም ከዳ።
አገጩ ርጥብ ነው። ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ
ይሰማኛል፣ ቀስ እያለ፣ እህል የሌለው ወፍጮ ባዶውን ሲፈጭ።
የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ከሶፋው ሥር ይወነጨፍ የነበረ
የድንብላል ቅጠል ብሰጠው፣ ያዘ፣ አሰበ፣ ጣለው፣ ቀረ።

ዶክተር ላሪሳ ሚዛን ላይ አኖረችው፣ በፎጣ ጠቅልላ፤
«አምና ሁለት ኪሎ ነበር፤ አራት መቶ ግራም የት ገባ?» ብላ
ጥርሱን በመብራት አየች፣ ሆዱን በጣቷ ዳሰሰች፣
ኩላሊት የሚል ቃል ወርውራ ዝም አለች።
እሷ ከሩስያ፣ እኔ ከጎንደር፣ ሁለታችንም በተውሶ አፍ፤
«ሽማግሌ ነው» አለች። «ሽማግሌ ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ቃላችን አያልፍ።
መርፌ የሌለው ስሪንጅና የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠችኝ፣
በየአራት ሰዓቱ አለች፤ ሂሳቡን ሳይ ራሴ ዞረብኝ።

ሌሊት የማድርላቸው ወይዘሮ ፍሪዳ ቤት ቅጽ አለ፣ እሞላለሁ፦
በሉ፣ ጠጡ፣ ተጸዳዱ፤ ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ።
ለገዘር ቅጽ የለውም። በኖጋ የድሮ ደብተር፣
የማባዛት ሠንጠረዥ ካለበት ገጽ ጀርባ፣ አሰፍራለሁ ቁጥር።

ኖጋ ከጦር ሰፈሯ ስትደውል፣ ከበረሃ፣ ከኔጌብ፣
«ገዘርስ?» ትለኛለች። «ደህና ነው፤ ያውልሽ ሲመገብ።»
«እስቲ አሳዪኝ።» ስልኩን አዞራለሁ፣ አስልቼ፣ በደህናው ዓይኑ በኩል፤
«አምሮበታል» ትላለች። አዎ እላለሁ፣ ምን ልበል።

ዛሬ ታዲያ፣ ጊልቦዓ ላይ ጎህ ሲቀድ፣ ሃያ ሦስት ብዬ ልጽፍ ስል
ከኋላዬ ዱላ ሰማሁ፣ ንጣፉን ቋ ቋ ሲል።
አባ ቢያድግልኝ ናቸው፣ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣
ጋቢያቸውን በብብታቸው ሰብስበው።
«በላ?» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያልጠየቁትን።
«ጥቂት» አልኩ። ቆመው አዩት። እሱም አየ እሳቸውን፣
በአንድ ዓይኑ፣ አንገቱን አዝምሞ።

ከዚያ ዱላቸውን ዘረጉ
ወደ ውሃ ሳህኑ ሥር፣ ወደ ጥጉ፤
«አንዷን ዘለልሻት» አሉ።

አጎነበስኩ። እውነትም አለች።
ሃያ አራት።