ሻፋክ ስንት?

ካርስ ላይ፣ በጥር፣ ምራቅ መሬት ሳይነካ ጠጠር በሚሆንበት፣
ዘብ ዘብን በሚተካበት፣
"እንዴት አደርክ?" የሚል የለም፣ ሰላምታው ሌላ ነበረ፤
"ሻፋክ ስንት?" ይላል መጪው። ጎህህ ስንት ቀረ?
ተሰናባቹም ጢሙ ላይ የረጋውን አመዳይ በጓንቱ እየጠረገ
ቁጥር ይናገራል፣ ድምፁን ዝቅ እያደረገ፣
ሰው የደሞዙን ልክ እንደሚናገረው።

ቃሉ ጎህ ማለት ነው፤ መዝገብ ቢገለጥ ሌላ የለውም፤
ወታደር አፍ ሲገባ ግን ኪስ ያወጣል፣ አንድ ነገር ብቻ አይዝም፤
እስከ ስንብት የቀረ ቀን ይሆናል፣ የመንግሥት ዕዳ፣
በሚስማር የሚጫር ጭረት፣ ከአልጋው ራስጌ፣ በግድግዳ።
ከሰማንያ አንድ ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አይጠራም፤
የመኪና ታርጋ ይሆናል፣ ታርጋ ያለ ከተማ አይኖርም፤
ሰማንያ አንድ፣ ዱዝጄ! ሰባ ስድስት፣ ኢግዲር!
አልጋው አንድ ስንዝር ሳይነቃነቅ፣ ሌሊቱን አገር ላገር ሲዞር፣
ሲዞር ሰነበተና ስድሳ ሰባት ላይ ደረሰ፤
ዞንጉልዳክ። የቱርጋይ አገር። ሰፈሩ በጩኸት ፈረሰ።

በብርድ ልብስ አድርገው ወደ ጣሪያ ወረወሩት፤
ወጥ ቤቱ ሪድቫን ሁለት እንቁላል ጨመረለት፤
"ከሰሉን ላክልን!" አሉት።
ሳቀ። አባቱ ቆፋሪ፣ አያቱም ቆፋሪ ነበሩ፤
እሱም ሲመለስ ለሚወርድበት ጉድጓድ ነው ጎሁ መቆጠሩ፣
ጎህ ገብቶበት ለማያውቅ ጉድጓድ።

ማታ እህቱ ደወለች።
እሷም ስሟ ሻፋክ ነው፤ ስሟን ያወጣው አባቷ፣
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ፊቱን ሳይታጠብ ያቀፋት፤
የአምስት ጣቱ ጥላሸት፣
እናትየው ብታጥብ ብታጥብ፣ ከመጠቅለያው ጨርቅ አልለቀቀላት።

"ዘጉት" አለች ሻፋክ። "ሊፍቱን በሰንሰለት አሰሩት።
አባባ የራስ ቁሩን መብራት ይዞ መጣ፤ መልስ ያለው የለም፣ ረሱት።
ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያበራል፤ ያጠፋል።
ደግሞ ያበራል። ደግሞ ያጠፋል።
አንተስ? ብርዱ እንዴት ነው?"

የዚያ አገር ሰው ድንገት ሲደነግጥ፣ የነገር ሥሩ ሲገባው፣
ሻፋክ ሆነበት ይባላል፤ ጎህ ቀደደበት፣ እንበለው።
እኛም ጎህ ቀደደ እንላለን፣ በየማለዳው፣ ሳንጨነቅ፣
ምኑን እንደሚቀድ ሳንጠይቅ።
ሰማዩን መስሎን ነበረ።
ቱርጋይ ስልኩን እንደያዘ፣ ከደረቱ በታች አንድ ነገር ተተረተረ።

በማግስቱ "ሻፋክ ስንት?" ሲሉት "እንጃ" አለ።
"ስድሳ ስድስት፣ ዮዝጋት!" ሌላው ጮኸለት፤ እሱ ዝም አለ።
ሚስማሩን ከግድግዳው ስንጥቅ ሰክቶ ተወው።
ሪድቫን ድንች እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣ እንዲህ አለው፦

"እኛ ቤት፣ ማርዲን፣ ሻፋክ ማለት ማታ ነው።
ፀሐይ ገብታ ሰማይ ላይ የሚቀር ቅላት፤
እናቴ ጣሪያ ወጥታ 'ጠፋ' ስትለን ነው የምንቆም ለመኝታው ሶላት።
ቃሉ ከእኛ ወደ እናንተ ሲሻገር
መንገድ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነበር፤
ሲነቃ ነግቷል። ጠዋት ነኝ አለ። ማን ይጠይቀዋል?
ያን ቢላ አቀብለኝ፣ ድንቹ ብዙ ይቀረዋል።"

ሌላ አላወሩም።

አርባ ሰባት የማርዲን ታርጋ ነው። ያን ዕለት ማለዳ
አዲስ ጭረት አልነበረም በግድግዳ።
ማታ ግን፣ በረዶው ሜዳ ላይ ቅላቱ ሊጠፋ ሲል፣
ቱርጋይ ሚስማሩን ነቀለ፤ አንድ ረጅም መስመር ጫረ፣ ዝግ ብሎ፣ ሳይቸኩል፤
ካፖርቱን ደርቦ ዘብ ወጣ።
"ሻፋክ ስንት?" አለው ተረኛው፣ ከብርዱ የተነሣ እግሩን እየመታ።

"የቱ?" አለው።