ከነፋሱ ማዶ

እሁድ ከሰዓት ነው፣ ሐይቁ ዳር ሰው ሞልቷል፣
አባ ኮዳ ቆሞ የዓሣ ራስ ይጠብቃል፣
እኔ ግን የማየው መሬት መሬቱን ነው፣
ቀይ ገለፈቱን፣ ማን የት እንደጣለው።

ቦርሳዬ ውስጥ አለች አንዲት መርፌ ብቻ፣
አጎቱ ከዱባይ የላካት፣ ጊዜዋ ያልቃል በሰኔ መባቻ።
አግዳሚውን ጠርጌ በእርጥብ ጨርቅ ሁለቴ
ኬብሮንን አስቀመጥኩ፣ ጉልበቱ ከጉልበቴ።

ክፉ ሰው አልፈራም። የምፈራው ደጉን፣
“ማሙሽ፣ እንካ!” ብሎ የዘረጋ እጁን።
“ልጅ አይከለከል! አንዲት ፍሬ ምናት?”
ይሉኛል ሲቆጡ። ያቺ አንዲት ፍሬ ናት
አምና ጉሮሮውን እንደ በር የዘጋች፣
ሪፈራል እስክንደርስ፣ ባጃጅ ውስጥ፣
ትንፋሹን አንድ ባንድ እኔን ያስቆጠረች።
“አመሰግናለሁ፣ አይበላም” እላለሁ፣
“ኮርታ ነው” ሲባባሉ ከጀርባ እሰማለሁ።

ሌዳሞ ነው ስሙ። ኦቾሎኒ ሻጭ ነው፣
አስር ዓመት ቢሞላው ነው።
ከሰው ሁሉ አብልጬ የምሸሸው እሱን ነበር።
አንድ ቀን ተከትሎ “ምን አድርጌሽ ነው?” አለኝ፣
ነገርኩት። ዝም አለ።
ትሪውን አየ፣ ልጄን አየ፣ እኔን አየኝ።

ዛሬም ገና ከሩቅ ሲያየን ትሪውን በፌስታል ሸፈነ፣
ገዢ ሲጠራው “ቆይ” ብሎ፣ ዞሮ ከነፋሱ ማዶ ሆነ፣
በቁራጭ ሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ሐይቁ ላይ ጎንበስ ብሎ።
“በእግር ብቻ!” እያለ ኳሷን ወደኛ ለጋት።
ኬብሮን ሮጠ። እኔም ቦርሳዬን ጨበጥኳት፣

ግን አልተነሣሁም።